ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ፦ የቤት ደህንነት ካሜራ አመራረጥ ከሀ እስከ ፐ

መሰላል ተሰርቆብኝ ያውቃል። ሌባው ያለፈው በካሜራዬ ሥር ነው፤ ባለ 8 ሜጋፒክሰል፣ ገና ወር ያልሞላው ካሜራ። ቀረጻውን ከፍቼ ሳይ ያገኘሁት አንድ ኮፍያ፣ ሁለት ትከሻና የራሴን መሰላል ነው። የኮፍያው ቀለም እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ፊቱን ግን አላየሁትም። ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፦ 4.5 ሜትር ላይ፣ ጣሪያ ሥር ሰቅዬው ነበር፤ ያውም ሰፊ ሌንስ ያለውን።

ብዙ ሰው ይህንኑ ሲደግም አያለሁ። መጀመሪያ ካሜራ ይገዛል፣ ከዚያ «የት ልስቀለው?» ይላል። እዚህ ነገሩን ገልብጠነዋል። ግዢው ደረጃ 7 ላይ ነው። ቸኩላችሁ ወደዚያ አትዝለሉ።

## ምን ታዘጋጃላችሁ

የመለኪያ ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ፣ ስልክ፣ መሰላል (ካልተሰረቀባችሁ) እና አንድ ረዳት። ረዳቱ ቀልድ አይደለም፤ ደረጃ 8 ላይ ያለ እሱ አይሆንም።

## ደረጃ 1፦ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጥያቄ ጻፉ

1. የቤታችሁን ንድፍ ወረቀት ላይ ሳሉ። ውበት አያስፈልገውም። በሮች፣ ከመሬት የሚደረስባቸው መስኮቶች፣ የግቢ በር፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ይታዩ።
2. ሰው ሊገባ የሚችልበትን ሁሉ ክበብ አድርጉበት።
3. ከእያንዳንዱ ክበብ አጠገብ ካሜራው እንዲመልስላችሁ የምትፈልጉትን ጥያቄ ጻፉ። ጥያቄው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ነው፦

- ሰው አለ ወይስ የለም?
- ምን እያደረገ ነው?
- የማውቀው ሰው ነው?
- ይህ የማላውቀው ሰው ማን ነው?

ለአንድ ቦታ አንድ ጥያቄ ብቻ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ካሜራ «ሰው አለ?» የሚለውን ይመልሳል። «ማን ነው?» ለሚለው ግን መልስ የለውም። ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ሁለት ካሜራ ያስፈልጋል፦ አንዱ ሰፊውን የሚያይ፣ አንዱ ሰው የግድ የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ የሚያይ። የበር መግቢያ፣ የደረጃ ጫፍ፣ ኮሪደር፤ «ማን ነው?» የሚለው ካሜራ ቦታው እነዚህ ናቸው።

ተጠንቀቁ፦ የመኪና ታርጋ ለብቻው ጥያቄ ነው። ማታ መብራቱን አብርቶ የሚመጣ መኪና ተራ ካሜራን ያሳውረዋል። ታርጋ ማንበብ ካስፈለጋችሁ ጠባብ ሌንስና ፈጣን ሸተር (ምስሉን በቅጽበት የሚያነሳ) ያለው፣ ለዚያ ብቻ የተስተካከለ ካሜራ ያዙ። ግቢውን በሚጠብቀው ካሜራ ታርጋም ይነበብልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

## ደረጃ 2፦ ርቀቱን ለኩ፣ ሌንሱን አስሉ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሜጋፒክሰል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ቁም ነገሩ ሰውየው በቆመበት ቦታ ላይ 1 ሜትር ስፋት ስንት ፒክሰል (የምስል ነጥብ) ይደርሰዋል የሚለው ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ መስፈርት (አይኢሲ 62676-4) በ2014 እ.ኤ.አ. እትሙ ለዚህ ቁጥር አስቀምጧል። ለአንድ ሜትር፦

- ሰው መኖሩን ለማወቅ 25 ፒክሰል
- ምን እንደሚያደርግ ለማየት 62 ገደማ
- የምታውቁትን ሰው ለመለየት 125
- የማታውቁትን ሰው ማንነት ለመለየት 250

አሁን ስሌቱን ሥሩ።

1. ካሜራው ከሚሰቀልበት ቦታ ሰውየው እስከሚቆምበት ድረስ በሜትር ለኩ።
2. ርቀቱን በሌንሱ ቁጥር አባዙ። ለ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ2.6፣ ለ4 ሚሊ በ1.8፣ ለ6 ሚሊ በ1፣ ለ12 ሚሊ በ0.5። ውጤቱ ካሜራው እዚያ ርቀት ላይ የሚያየው ስፋት ነው። ግምት ነው፤ እንደ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) መጠን ትንሽ ይለያያል።
3. ካሜራው ወደ ጎን ያለውን ፒክሰል ለዚያ ስፋት አካፍሉ። 2 ሜጋ 1920 ፒክሰል፣ 4 ሜጋ 2560፣ 8 ሜጋ (ፎር ኬ የሚሉት) 3840 አለው።

በሩ ከካሜራው 6 ሜትር ይርቃል እንበል። በ2.8 ሌንስ ስፋቱ 15.6 ሜትር ይመጣል። 2 ሜጋ ካሜራ ከሆነ 1920 ለ15.6 ሲካፈል 123 ፒክሰል። ጎረቤታችሁን ትለዩበታላችሁ፣ ሌባን ግን አትለዩበትም። ያንኑ 2 ሜጋ ካሜራ በ6 ሚሊ ሌንስ ብትወስዱት ስፋቱ 6 ሜትር፣ ውጤቱ 320 ፒክሰል ነው። 8 ሜጋው ካሜራ በ2.8 ሌንስ ስንት ያመጣል? 246። በቁጥር ትንሹ ካሜራ ትልቁን በለጠው ማለት ነው፤ በሌንስ ብቻ።

ሻጩ «ይሄኮ 8 ሜጋ ነው» ሲላችሁ «ሌንሱስ ስንት ሚሊ ነው?» በሉት። መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ጠይቁ።

ስሌቱ ካልገባችሁ፦ ቫሪፎካል የሚባለውን፣ ከ2.8 እስከ 12 ሚሊ የሚስተካከለውን ሌንስ ያዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ከተሰቀለ በኋላም ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። ዲጂታል ዙም የሚለውን ከቁጥር አታስገቡት። እሱ ያለውን ምስል ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም።

## ደረጃ 3፦ ከፍታውን ወስኑ

ከፍ ያለ ካሜራ ከእጅ ይርቃል። ዝቅ ያለ ካሜራ ፊት ያያል። መካከሉን ማግኘት አለባችሁ።

ቀላሉ መለኪያ ይኸውና፦ ካሜራው ከሰው ፊት በ1 ሜትር ከፍ ካለ ሰውየው ቢያንስ 4 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። በ2 ሜትር ከፍ ካለ 8 ሜትር። ከዚያ ከቀረበ ካሜራው የሚያየው አናት ነው። የኔን ውርደት አስሉት፦ ካሜራው 4.5 ሜትር ላይ፣ የሰው ፊት 1.6 ሜትር ላይ፣ ልዩነቱ 2.9። መሰላሉ የነበረው ደግሞ 4 ሜትር ርቀት ላይ።

ለአብዛኛው የቤት በር ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይበቃል። ሰው በእጁ ይደርስበታል ብላችሁ ከሰጋችሁ ካሜራውን ከፍ አድርጎ ከመስቀል ይልቅ ቀፎው ጠንካራ የሆነውን ምረጡ። አይኬ10 የሚል ምልክት ያለው መመታትን ይቋቋማል። ሌላው መላ አንዱ ካሜራ ሌላውን እንዲያይ ማድረግ ነው፤ የሚነካካው ሰው በሌላኛው ይያዛል።

## ደረጃ 4፦ ማታ ወጥታችሁ ቁሙ

ቀን ቀን ሁሉም ካሜራ ጥሩ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ሲጨልም ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። ምን ይታያችኋል? የመንገድ መብራት ይደርሳል? ፊት ለፊት የሚያበራ አምፖል አለ?

ድቅድቅ ጨለማ ከሆነ ኢንፍራሬድ (ዓይን በደንብ የማያየው፣ ካሜራው ግን የሚያየው ብርሃን) ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። 850 ናኖ ሜትር የሚለው ርቆ ያበራል፣ ግን ጨለማ ውስጥ ካሜራው ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ይታያል። 940 የሚለው አይታይም፣ ግን የሚያበራው ርቀት ያጥራል። ለውጭ 850 ይሻላል። ደግሞም ሌባ ካሜራ መኖሩን ቢያውቅ ጉዳቱ ምንድን ነው?

ትንሽ ብርሃን ካለ ሁለት ቁጥር ተመልከቱ። አንደኛው የሴንሰር መጠን ነው፦ 1/1.8 የተባለው ከ1/2.8 ይበልጣል፤ ከታች ያለው ቁጥር ሲያንስ ሴንሰሩ ይተልቃል። ሁለተኛው የሌንሱ ኤፍ ቁጥር ነው፦ 1.0 ከ1.6 የበለጠ ብርሃን ያስገባል። ሴንሰሩ ትንሽ ሆኖ ሜጋፒክሰሉ የበዛ ካሜራ ማታ ይቸገራል። እኩል መጠን ባለው ሴንሰር ላይ 4 ሜጋው ከ8 ሜጋው የጠራ የማታ ምስል ቢሰጥ አይግረማችሁ።

ማታም በቀለም የሚቀርጽ የተባለ ካሜራ ብርሃን ከሌለ ነጭ መብራት ያበራል። የልብሱን ቀለም ታያላችሁ፤ ጎረቤትም እንቅልፉን ያጣል። እኔ የምመርጠው እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ ነጩን የሚያበራውን ነው።

አታድርጉ፦ የቤት ውስጥ ካሜራ በመስኮት መስታወት በኩል ውጭ እንዲያይ አታስቀምጡ። ቀን ይሠራል። ማታ የራሱ ኢንፍራሬድ መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ነጭ ጉም ብቻ ያሳያችኋል። ግድ ከሆነባችሁ ኢንፍራሬዱን አጥፉ፣ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቁ፣ ውጭ ደግሞ መብራት ይኑር።

በሩ ብርሃን ከኋላው የሚመጣበት ከሆነ ደብልዩዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን በአንድ ምስል የሚያመጣጥን) ያለው ካሜራ ጠይቁ፤ 120 ዴሲቤል የሚለው ጥሩ ነው። ያለ እሱ የገባው ሰው ሁሉ ጥላ ይሆንባችኋል።

## ደረጃ 5፦ ኤሌክትሪኩንና ኔትወርኩን ፈትሹ

ካሜራው ምንም ቢያምር ኃይልና መስመር ካላገኘ ጌጥ ነው። አራት መንገድ አለ።

በገመድ (ፒኦኢ)። አንድ የኔትወርክ ኬብል ኤሌክትሪክም መረጃም ይወስዳል። የራሳችሁ ቤት ከሆነና ግድግዳ መብሳት ከቻላችሁ ሌላውን አትመልከቱ። የኬብሉ ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። ውስጡ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ግን ርቀት ላይ ኃይል ያባክናል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስዊቹ (የካሜራዎቹ ኬብል የሚሰካበት ሳጥን) 8 ቀዳዳ ስላለው 8 ካሜራ ይሸከማል ማለት አይደለም። ጠቅላላ ዋቱን አንብቡ። 60 ዋት የሚል ስዊች ላይ እያንዳንዳቸው ማታ 12 ዋት የሚበሉ 8 ካሜራዎች ብትሰኩ 96 ዋት ይፈልጋሉ። ቀን ላይ ኢንፍራሬዱ ስለማይበራ ሁሉም ይሠራል። ሲመሽ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሰውም ካሜራው ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል።

በዋይፋይ። ዋይፋይ ማለት ገመድ አልባ ማለት አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ እንዳለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩ፦

1. ስልካችሁን ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ ያዙ። በሩን ዝጉ።
2. የስልኩን ዳታ አጥፉና በዋይፋይ ብቻ ቪዲዮ ደውሉ። 5 ደቂቃ ቆዩ።
3. ቢቆራረጥ ካሜራውም ይቆራረጣል። ሲግናል የሚለካ አፕ ካላችሁ ከ-65 ዲቢኤም የባሰ ቁጥር አትቀበሉ፤ -80 ከ-65 የባሰ ነው።

ብዙ ካሜራ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ጥሩነቱ ግድግዳ ማለፍ ይችላል። ሙከራውን ስታደርጉ ስልካችሁ 5 ጊጋኸርዝ ላይ እንዳልሆነ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ውጤቱ ሌላ ነው። ደግሞም ዋይፋይ ሆን ተብሎ ሊታወክ ይችላል። ዋናውን በር ለዋይፋይ ብቻ አትተዉት።

በባትሪ። ለተከራይና ገመድ ለማይደርስበት ቦታ ይሆናል። ግን አብዛኛው ያለማቋረጥ አይቀርጽም። ይተኛል፣ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ይነቃል፣ ከዚያ ይቀርጻል። በዚያ መሃል የመጀመሪያው ሰከንድ ሊያመልጥ ይችላል። የሚያነቃው ሴንሰር (ፒአይአር) ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍን ሰው ቶሎ ያውቃል፤ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣን ሰው ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ካሜራውን ሰው ወደ እሱ ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሳጥኑ ላይ «6 ወር ይቆያል» የሚለውን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነቃ ካሜራ አድርጋችሁ አንብቡት። ሰው የሚበዛበት መንገድ ዳር ከሆነ በየሳምንቱ መሰላል ልትወጡ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች የሊትየም ባትሪ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ቅዝቃዜ ባለበት አገር ይህንንም አስቡበት።

በሲም ካርድና በሶላር። ኢንተርኔትም መብራትም ለሌለበት ቦታ። ዳታው ላይ ጠንቀቅ በሉ፦ በ1 ሜጋቢት ፍጥነት አንድ ሰዓት በቀጥታ ብታዩ 450 ሜጋባይት ይሄዳል። ሶላሩን ከጣሪያ ጥላ አውጡት።

መብራት ከጠፋ በኋላም እንዲቀርጽ ከፈለጋችሁ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ራውተሩን፣ ስዊቹንና መቅጃውን አንድ ላይ ሰኩ። አንዷ ከቀረች ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ዋት ሳትደምሩ ግን ዩፒኤስ አትግዙ።

## ደረጃ 6፦ ቀረጻው የት ይቀመጣል?

መጀመሪያ ስንት ቀን ወደኋላ ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ለጉዞ ስንት ቀን ከቤት ትርቃላችሁ? ከዚያ ያነሰ ቀን አትያዙ። ለአብዛኛው ቤት ሁለት ሳምንት ጥሩ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። ካሜራው በሰከንድ የሚልከውን ሜጋቢት በ10.8 አባዙ፤ በቀን ስንት ጊጋባይት እንደሚሞላ ይነግራችኋል። 4 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራ በቀን 43 ጊጋ ይሞላል። አራት ካሜራ ከሆነ 173። ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ስድስተኛው ቀን ሳያልቅ ይሞላና አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት 2.4 ቴራ ትፈልጋላችሁ፤ 4 ቴራ ግዙና ተገላገሉ። ኤች.265 የሚባለው ቪዲዮን የማሳነስ አሠራር ከኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ቦታውን ወደ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል።

- ሚሞሪ ካርድ። ለአንድ ሁለት ካሜራ ይበቃል። 128 ጊጋ ካርድ በ2 ሜጋቢት ለ6 ቀን ገደማ ይይዛል። «ሃይ ኢንዱራንስ» የሚለውን ግዙ፤ ተራው ካርድ ቀን ከሌት ሲጻፍበት ቶሎ ይሞታል። ፎርማት የምታደርጉት ካሜራው ውስጥ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ካሜራውን ነቅሎ የሄደ ሌባ ቀረጻውንም ይዞት ሄደ።
- መቅጃ (ኤንቪአር)። ከሦስት ካሜራ በላይ ካላችሁ ይህ ነው። ለደህንነት ካሜራ የተሠራ ሃርድ ዲስክ አስገቡበት። ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጡት፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። የሚቆለፍ ቦታ ፈልጉለት፣ ግን አየር ያግኝ።
- ክላውድ። ካሜራው ቢሰረቅም ቀረጻው ይተርፋል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወርሃዊ ክፍያው ሲቆም ካሜራው ምን ይቀረዋል? ለስንት ቀን ያስቀምጣል? የኔ ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነት ይችለዋል? አራት ካሜራ በ2 ሜጋቢት ያለማቋረጥ ከላከ 8 ሜጋቢት አፕሎድ ይበላል። ኢንተርኔት የምትገዙበት ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዳውንሎዱ ነው።

የኔ ምክር፦ ሁሉንም በመቅጃ፣ የዋናውን በር ደግሞ በክላውድም።

ቤታችሁ ቀድሞ የተዘረጋ የአናሎግ ኮአክሲያል ኬብል ካለው ነቅላችሁ አትጣሉት። በዚያው ኬብል ላይ ጥራት ያለው ምስል የሚልኩ ካሜራዎችና ዲቪአር (የእነሱ መቅጃ) አሉ።

## ደረጃ 7፦ አሁን ግዙ

ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በእያንዳንዱ ክበብ አጠገብ ጥያቄ፣ ርቀት፣ ሌንስ፣ የኃይል ዓይነት ተጽፏል። ሻጩን የምትጠይቁት ይህንን ብቻ ነው።

ቅርጹ። ለጣሪያ ሥር ተሬት የሚባለው ክብ ዓይን ያለው ይመቸኛል። ዶም (በግልጽ ጉልላት የተሸፈነው) ያምራል፣ ግን ሽፋኑ ሲቆሽሽ ማታ ያጭበረብራል። ቡሌት ረጅሙ ነው፤ ከሩቅ ስለሚታይ ያስፈራራል። የሚዞረው (ፒቲዜድ) ወደ ግራ ሲያይ በቀኝ የሚሆነውን አያይም፤ ሰው እያየ ካላዞረው በቀር የቋሚ ካሜራን ቦታ አይተካም።

ለውጭ አይፒ66 ወይም 67 (አቧራና ውኃ ይቋቋማል ማለት ነው) የሚል ምልክት ይኑረው። ካሜራውና መቅጃው ከተለያየ ድርጅት ከሆኑ ሁለቱም ኦንቪፍ የሚባለውን ቋንቋ ይናገሩ። አለበለዚያ አይግባቡም።

ለተከራይ፦ ባትሪ ያለው የበር ደወል ካሜራና አንድ የቤት ውስጥ ካሜራ። የደወል ካሜራ ስትመርጡ ምስሉ ወደ ታች የሚረዝም ይሁን፤ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ካላሳየ ምኑን ደወል ሆነ? በገመድ የሚሠራ ደወል ከሆነ የነባሩን ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ፈትሹ፤ ብዙዎቹ ከ16 እስከ 24 ቮልት ኤሲ ይፈልጋሉ።

ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ለመጠበቅ፦ ሰፊ ሌንስ፣ ድምፅ መስማትና መናገር የሚችል፣ ሌንሱን በአካል የሚሸፍን ክዳን ያለው። ቤት ውስጥ ለሚኖረውም ለሚሠራውም ሰው ካሜራ መኖሩን ንገሩ። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይነኬ ናቸው። የድምፅ ቅጂ በብዙ አገር ከምስል የጠበቀ ሕግ አለው፤ ሕጉን ሳታውቁ ማይኩን አታብሩ።

መጀመሪያ አንድ ብቻ ግዙ። ሞክሩት። ከዚያ የቀሩትን።

## ደረጃ 8፦ ከመብሳታችሁ በፊት ሞክሩ

1. ካሜራውን በቴፕ ወይም በገመድ ቦታው ላይ ለጊዜው እሰሩት።
2. ሲመሽ ረዳታችሁን ኮፍያ አስደርጋችሁ ላኩት። በፍጥነት ይራመድ፤ ሌባ ለካሜራ አይቆምም።
3. ቀረጻውን በኮምፒውተር ስክሪን ክፈቱ፣ በስልክ አይደለም። ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል።
4. ምስሉን አቁሙና ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ጥያቄ ጠይቁ። መለሰ? ካልመለሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
5. ሰውየው ሲንቀሳቀስ ፊቱ የሚደበዝዝ ከሆነ የሸተሩን ፍጥነት ጨምሩ ወይም ብርሃን አክሉ።
6. የጎረቤት መስኮት ከገባ የካሜራውን አቅጣጫ አዙሩ። ካልተቻለ በሴቲንግ ውስጥ ጥቁር መሸፈኛ ጣሉበት።

ከዚህ በኋላ ነው ድሪል የሚነሳው። ኬብሉ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ይበል፤ የዝናብ ውኃ ከቆልማማው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

## ደረጃ 9፦ በሩን ለሌላ ሰው አትክፈቱ

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የተቆጣጠረው በምንም ረቂቅ ዘዴ አልነበረም። ከፋብሪካ የወጡበትን ፓስወርድ እየሞከረ ነው የገባው።

1. የመጀመሪያውን ፓስወርድ ቀይሩ። ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበትን አትስጡት።
2. ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው አብሩ።
3. አፕዴት አድርጉ። ስትገዙም አፕዴት መላክ ያቆመ ሞዴል አለመሆኑን ጠይቁ።
4. ራውተር ላይ ዩፒኤንፒ (ዕቃዎች ራሳቸው ወደ ውጭ በር እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን) አጥፉ። ካሜራውን ከውጭ ለማየት ፖርት አትክፈቱ፤ በድርጅቱ አፕ ወይም በቪፒኤን ግቡ።
5. ካሜራዎቹን የእንግዳ ዋይፋይ ላይ አድርጓቸው። ከቤት ኮምፒውተራችሁ ጋር ምን አገናኛቸው?

## ሲበላሽ

ማታ ነጭ ጉም ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ሸረሪት ናት። ነፍሳት ካሜራው ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ነፍሳቱ ሸረሪት ይስባሉ፣ ድሩ በኢንፍራሬዱ ሌንሱ ፊት ያበራል። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ካልሆነ ካሜራው አጠገብ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ኢንፍራሬዱን እየመለሰው ነው፤ ትንሽ አዙሩት።

የቀረበ ሰው ፊት ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ኢንፍራሬዱ በዝቷል። ኃይሉን ቀንሱ ወይም «ስማርት አይአር» የሚለውን አብሩ።

ሲመሽ ይጠፋል፣ ሲነጋ ይመለሳል። የኃይል እጥረት ነው። የስዊቹን ዋት አስሉ። በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ረጅሙን ቀጭን ገመድ በወፍራም ቀይሩ።

ማስጠንቀቂያው ስልኬን አሰለቸው። ቅጠልና ድመት እየቆጠረ ነው። «ሰው ብቻ» የሚለውን ምረጡ፣ የሚጠበቀውን ቦታ በመስመር አጥሩ፣ መንገዱን አስወጡት። ማስጠንቀቂያውን ግን ጨርሶ አታጥፉት። አጥፍቶ የረሳ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ።

የፈለግኩት ሰዓት ቀረጻው የለም። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እንዲያጠፋ ተስተካክሏል? ካርዱ ሞቷል? የካሜራው ሰዓት ትክክል ነው? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ የሚመለስ ካሜራ አለ፤ ቀረጻው አለ፣ ግን ሌላ ቀን ላይ ተደብቋል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል (ኤንቲፒ) አድርጉት። በወር አንድ ቀን የትናንቱን ቀረጻ ከፍታችሁ እዩ።

የፈራችሁት ደረሰ። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ቀረጻውን ወደ ፍላሽ አውጡ፤ ከክስተቱ 10 ደቂቃ በፊትና 10 ደቂቃ በኋላ ያለውንም ጨምሩ። ስክሪኑን በስልክ አንስቶ መላክ አይበቃም፤ ጥራቱ ይወድቃል። ሁለት ቅጂ ያዙ። የካሜራውን ሰዓት ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተያዩና በስንት ደቂቃ እንደሚለያዩ ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀረጻውን ለምትሰጡት ፖሊስ ወረቀቱንም አብራችሁ ስጡት።